የዊንዶውስ 11 አይኤስኦ፦ አሥራ አንድ ስም፣ ዜሮ ማብራሪያ

እህቴ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛች። ዴል ላቲትዩድ 5490 ነው፤ ከዱባይ የመጣ፣ ክዳኑ ላይ የሆነ መሥሪያ ቤት ስቲከር የተላጠበት ቦታ ገና የሚያጣብቅ። ሻጩ «ዊንዶውስ አዲስ ጭኜበታለሁ፣ አክቲቬትድ ነው» ብሎ አስረከባት። ፈቃዱን ለሚያጸድቀው ለአክቲቬሽኑ ለብቻው ሒሳብ ተቀብሏታል። ይህቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

እህቴ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ስለ ሴል ክፍፍል ፓወርፖይንት አዘጋጅታ፣ መሀሉ ላይ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ከትታ ክፍል ገባች። ቪዲዮውን ስትነካው ጥቁር ሣጥን ሆነ። ደግማ ነካችው፤ ያው ጥቁር። ከኋላ ወንበር አንዱ «ቲቸር፣ መብራት ሄደ እንዴ?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ማታ ስትደውልልኝ ገና አልበረደላትም።

«እስቲ ቪኤልሲ ላይ ክፈቺው» አልኳት። ከፈተችው፤ ሠራ። እኔንም ያሳሳተኝ ይሄ ነው። ቪኤልሲ የሚባለው ቪዲዮ ማጫወቻ የሚያስፈልገውን ሁሉ ራሱ ተሸክሞ ስለሚመጣ ከዊንዶውስ ምንም አይለምንም። እኔ ግን ጥፋቱን ኦፊስ ላይ ጣልኩና ሁለት ማታ ሙሉ ኦፊስ ስነቅል ስተክል አመሸሁ። ቅዳሜ ጠዋት ቡና እየተቆላ ሌላ ነገር ስፈልግ ሴቲንግ ውስጥ «አባውት» የሚለውን ከፈትኩ። «ዊንዶውስ 10 ፕሮ ኤን» ይላል።

ኤን! በእህቴ ያሳቀችባት ያቺ አንድ ፊደል ናት።

የኤን ታሪክ ከእኛ ሩቅ ነው። በ2004 የአውሮፓ ኮሚሽን ማይክሮሶፍትን 497 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። ከጥፋቶቹ አንዱ የተባለው ሚዲያ ፕሌየርን ከዊንዶውስ ጋር አጣብቆ እየሸጠ ሌሎች ማጫወቻዎችን ይጎዳል የሚል ነበር። ኩባንያው ማጫወቻ የሌለው ዊንዶውስም እንዲያቀርብ ታዘዘ። ኤን ይኸው ነው። ዛሬ ከኤን እትሞች የሚጎድለው ማጫወቻው ብቻ አይደለም፤ ቪዲዮና ድምፅ የሚያስኬደው የውስጥ ዕቃም አብሮ የለም። ፓወርፖይንት ውስጥ የገባ ቪዲዮ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሴቲንግ ውስጥ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ከሚለው «ሚዲያ ፊቸር ፓክ»ን በነጻ ማውረድ፣ ከዚያ አጥፍቶ ማስነሣት። ግን በብራሰልስ ልክ የተሰፋ እትም አዲስ አበባ፣ እህቴ ላፕቶፕ ውስጥ ምን ይሠራል?

ሻጩ ጋ አብረን ሄድን። ልጁ ክፉ አይደለም። ቁልፍ ማንጠልጠያው ላይ የታሰረች ፍላሽ አሳየን። «ኦል ኢን ዋን» ይላታል፤ ከ7 እስከ 11 ያለው ዊንዶውስ ሁሉ ታጭቆባታል። ማን እንዳዘጋጃት አያውቅም፣ ከጓደኛው ነው የቀዳት። ዝርዝሩ ሲመጣለት ቀስቷን ወደ ታች ይጫናል፤ «ፕሮ» የሚል ሲያይ ኢንተር ይላል። «ሁሉም አንድ ነው ወንድሜ፣ ፕሮ ፕሮ ነው» አለኝ። አክቲቬት የሚያደርገውም በፕሮግራም ነው፤ መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉልኝ በሚል ፕሮግራም። ይህን ስሰማ ሚዲያ ፓኩን ተውኩት። ሁሉንም ጠርጌ ከንጹሕ ልጀምር አልኩ። ደግሞም የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። የእህቴ ማሽን ፕሮሰሰሩ 8ኛ ትውልድ ኮር አይ5 ስለሆነ ዊንዶውስ 11ን ይቀበላል።

እንግዲህ የምገመግመው ይህን ፋይል ነው፦ ማይክሮሶፍት ራሱ የሚያቀርበውን የዊንዶውስ 11 አይኤስኦ። አይኤስኦ የድሮው መጫኛ ሲዲ እንዳለ በአንድ ፋይል ተጠቅልሎ ማለት ነው።

ማውረዱ ነጻ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል። የሚከፈለው ለፈቃዱ እንጂ ለፋይሉ አይደለም። ፋይሉ ከ5 ጊጋባይት ይበልጣል። ገጹ የሚሰጣችሁ ሊንክ ደግሞ የሚያገለግለው ለ24 ሰዓት ብቻ ነው። ፈጣን መስመር ላለው 24 ሰዓት ዘላለም ነው። እኔ ሌሊት 6 ሰዓት ጀምሬ 8 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ጠዋት ብሮውዘሩ ካቆመበት ቀጠለልኝ እንጂ ፓኬጄ ውኃ በልቶት ነበር። ገጹ ላይ ፋይሉ ሳይጎድልና ሳይነካካ መውረዱን የምታመሳክሩበት ረጅም ኮድም ተለጥፏል፤ 64 ፊደልና ቁጥር። እውነቱን ልናገር፣ የመጀመሪያዎቹን ስድስትና የመጨረሻዎቹን ስድስት ብቻ ነው ያየሁት።

ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ አንድ ወጥመድ አለ። ውስጡ ያለው ትልቁ ፋይል ከ4 ጊጋባይት ይበልጣል። ብዙ ኮምፒውተር ከፍላሽ ለመነሣት የሚፈልገው ፋት32 የሚባለው አቀማመጥ ግን ያን የሚያህል ነጠላ ፋይል አይሸከምም። ስለዚህ ጎትቶ መገልበጥ አይሆንም። ሩፈስ የምትባል ትንሽ ነጻ ፕሮግራም አለች፤ ይህን ጣጣ ራሷ ትጨርሰዋለች።

የእህቴን ላፕቶፕ በዚህ ፍላሽ አስነሣሁት። ቋንቋ ጠየቀኝ። ኪቦርድ ጠየቀኝ። የትኛው ዲስክ ላይ ልጫን አለኝ። ሆም ይሁን ፕሮ፣ የትኛውን እትም እንደምፈልግ ግን አልጠየቀኝም፤ ዝም ብሎ ፕሮን ጫነ። ዋይፋይ ካገናኘሁት በኋላ አክቲቬሽን ጋ ገብቼ ሳይ «አክቲቭ» ይላል። ቁልፍ አላስገባሁ፣ ምንም ፕሮግራም አልጫንኩ።

ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር እዚህ ጋ ናት። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ትልልቆቹ አምራቾች የፈቃድ ቁልፉን ማዘርቦርዱ ላይ ያለ ቺፕ ውስጥ ጽፈው ነው የሚሸጡት። ኦሪጅናሉ አይኤስኦ ሲነሣ ያንን ቁልፍ ያነባል። የፕሮ ከሆነ ፕሮን፣ የሆም ከሆነ ሆምን ሳይጠይቅ ይጭናል። የእህቴ ዴል ከፋብሪካ ሲወጣ የፕሮ ፈቃድ ይዞ ነው። የፕሮ ቁልፍ ግን ፕሮ ኤንን አይከፍትም። በዝርዝሩ ላይ ፕሮ ኤን ከፕሮ ቀጥሎ ያለው መስመር ነው። ልጁ ቀስቷን አንድ ጊዜ አሳንሶ ቢጫን ኖሮ አክቲቬተር የሚባል ነገር አያስፈልገውም ነበር። እህቴ የገዛ ቤቷን በር ገንዘብ ከፍላ አሰበረች ማለት ነው።

አለመጠየቁ ግን ሁልጊዜ አያስደስትም። የእህቴ ባል፣ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው፣ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አላቸው። የሱቁን ሒሳብ የሚይዙበት ኤችፒ ላፕቶፕ በቫይረስ ተተብትቦ «እስቲ ይቺንም እያት፣ እጅህ ጥሩ ነው» አሉኝ። ዋሽንግተን ያለው ወንድማቸው ደግሞ 199 ዶላር ከፍሎ የፕሮ ቁልፍ ልኮላቸዋል። ሐሳባቸው ማታ ቤት ሆነው የሱቁን ኮምፒውተር በሪሞት ዴስክቶፕ መክፈት ነው። ሆም ከራሱ ተነሥቶ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መግባት ይችላል፤ ሌላው ወደ እሱ እንዲገባ ግን አያስተናግድም። ለዚያ ፕሮ የግድ ነው።

ፍላሹን ሰካሁ። ሳይጠይቅ «ሆም ሲንግል ላንጉዌጅ» ጫነ። ቺፑ ውስጥ ያለው ያ ነዋ። ይህ እትም ዋጋቸው ዝቅ ባሉ ላፕቶፖች ላይ የሚመጣ ነው። የሜኑው ቋንቋ አንድ ብቻ ነው፤ መቀየር የለም። በአማርኛ መጻፍ ግን ይቻላል፣ ኪቦርዱ በየትኛውም እትም ይሠራል።

«ምነው ሳይጠይቀኝ?» አሉ ጋሼ ከላዬ ቆመው።

«ማሽኑ ነው የነገረው፣ ጋሼ።»

«ማሽኑ የማን ሆነና? የኔ አይደለም እንዴ!»

መፍትሔው አንዲት የጽሑፍ ፋይል ናት። ፍላሹ ውስጥ «ሶርስስ» የሚባል ፎልደር አለ። እዚያ «ኢአይ ነጥብ ሲኤፍጂ» የምትባል ፋይል ካስቀመጣችሁ ጫኚው ቺፑን ትቶ እሷን ይሰማል። ውስጧ በማዕዘን ቅንፍ የታጠሩ ሦስት ርዕሶች ናቸው፦ ኤዲሽን አይዲ፣ ቻነል፣ ቪኤል። ከመጀመሪያው ሥር ባዶ ተውኩ፣ ከሁለተኛው ሥር «ሪቴይል»፣ ከሦስተኛው ሥር ዜሮ። የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው መቼስ። አስቀመጥኩ፣ አስነሣሁ፤ አሁንም ሳይጠይቅ አለፈ። ደገምኩ፤ ያው። ሠለስኩ። ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ሻይ መጣ። በኋላ ልብ ብዬ ሳየው ኖትፓድ ከስሟ ጫፍ ሌላ «ነጥብ ቲኤክስቲ» ለጥፎባታል። ዊንዶውስ እንዲህ ያለውን ጅራት ስለሚደብቅ አይታይም። ድብቁን የሚያሳየውን ምርጫ አብርቼ ጅራቷን ቆረጥኩ።

በአራተኛው ዝርዝሩ መጣ።

አሥራ አንድ መስመር ነው። ሆም፣ ሆም ኤን፣ ሆም ሲንግል ላንጉዌጅ፣ ኤዱኬሽን፣ ኤዱኬሽን ኤን፣ ፕሮ፣ ፕሮ ኤን፣ ፕሮ ኤዱኬሽን፣ ፕሮ ኤዱኬሽን ኤን፣ ፕሮ ፎር ወርክስቴሽንስ፣ ፕሮ ኤን ፎር ወርክስቴሽንስ። ትንፋሽ ያሳጥራል። ከጎናቸው ሁለት ዓምድ አለ። አንዱ «አርኪቴክቸር» ይላል፤ አሥራ አንዱም ጋ ኤክስ64 ነው። ሌላው የተስተካከለበትን ቀን ይናገራል፤ አሥራ አንዱም ጋ ያው ቀን ነው። ከታች «ዲስክሪፕሽን» የሚል አለ። እሰይ፣ ማብራሪያ! ብዬ ፕሮን መረጥኩና ወደ ታች አየሁ። «ዲስክሪፕሽን፦ ዊንዶውስ 11 ፕሮ።» ሆም ኤንን መረጥኩ። «ዲስክሪፕሽን፦ ዊንዶውስ 11 ሆም ኤን።» ማን መጣ ቢሉት እገሌ፣ እገሌ ማነው ቢሉት እገሌ ነዋ! እንደሚል ልጅ። እዚህ ባዶ ቦታ ላይ «ይህ እትም ቪዲዮ አያጫውትም» የምትል ግማሽ መስመር ቢጽፉ ምን ይጎዳቸው ነበር?

እህቴ ሻዩን ይዛ ከኋላዬ ቆማ ታነባለች። «ኤዱኬሽን የሚለውን ምነው ለኔ አልጫንክልኝም? አስተማሪ አይደለሁም እንዴ?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም፤ ስሙ እንደዚያ ነው የሚያስመስለው። ኤዱኬሽን በችሎታው ለትልልቅ ድርጅቶች ከሚሸጠው ኢንተርፕራይዝ ጋር የሚቀራረብ ነው። ፈቃዱን የሚገዛው ግን ትምህርት ቤቱ ነው። እሱ ካልሰጣት መጫን ትችላለች፣ አክቲቬት አይሆንላትም እንጂ። ኢንተርፕራይዝ ራሱ እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም፣ አትፈልጉት። ፎር ወርክስቴሽንስ ደግሞ እስከ 4 ፕሮሰሰርና እስከ 6 ቴራባይት ራም ላለው ማሽን ነው። የጋሼ ላፕቶፕ 8 ጊጋ ነው ያለው።

አሥራ አንድ ዊንዶውስ በ5 ጊጋ እንዴት ገባ የሚል ካለ፦ እትሞቹ የሚጋሩትን ፋይል አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያስቀምጠው፤ ልዩነታቸውን ብቻ ለየብቻ ይይዛል። ይህን የሠራው መሐንዲስ ያቺን የምርጫ ገጽ ከሠራው ጋር አንድ ቢሮ የሚውል አይመስለኝም።

ፕሮን መርጬ ጫንኩ። የወንድማቸውን ቁልፍ አስገባሁ፤ ተከፈተ። ጋሼ መረቁኝ። ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ ነው ብልጭ ያለልኝ። ያ ሁሉ ልፋት አያስፈልግም ነበር! ሆም ሲንግል ላንጉዌጁን እንዳለ ትቼ፣ ሴቲንግ ውስጥ አክቲቬሽን ጋ ገብቼ የፕሮውን ቁልፍ ብሰጠው አንዴ ጠፍቶ ሲነሣ ፕሮ ይሆን ነበር። ፋይልም አይጠፋም። ከሆም ወደ ፕሮ መውጣት እንዲህ ቀላል ነው። መውረድ ግን የለም። ፕሮ ጭናችሁ ፈቃዳችሁ የሆም ከሆነ እንደገና ከባዶ መጫን ነው። ከኤን ወደ ተራው ለመመለስም እንደዚያው። ስለዚህ በምርጫው ገጽ ላይ ተጠራጥራችሁ ከቆማችሁ፣ ኤን የሌለበትን ሆም ጫኑ፤ ሲያስፈልግ ትወጣላችሁ። ለጋሼ እስካሁን አልነገርኳቸውም። አራት ብርጭቆ ሻይ ጠጥቻለሁ፣ ምን ፊት አለኝ?

ሆም ወይስ ፕሮ ለሚለው፣ እኛ ዘንድ ፕሮ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ማየት ብርቅ ነው። «ፕሮ ይፈጥናል» የሚል ወሬ አለ። አይፈጥንም። ያው ዊንዶውስ ነው። ፕሮ የሚጨምረው ሪሞት ዴስክቶፕን ከተቀባይ በኩል፣ ዲስክ ቆላፊውን ቢትሎከርን ከነሙሉ መቆጣጠሪያው፣ የመሥሪያ ቤት ኔትወርክ አባል መሆንን፣ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስነሣውን ሃይፐር-ቪን፣ እና ግሩፕ ፖሊሲ የሚባለውን የውስጥ መቆጣጠሪያ ነው። ከእነዚህ አንዱንም ስሙን ሰምታችሁ የማታውቁ ከሆነ ሆም ይበቃችኋል። አሜሪካ ውስጥ የሆም ዋጋ 139 ዶላር፣ የፕሮ 199 ነው። አፕዴት ፓኬጄን ይበላብኛል ብሎ ፕሮ የሚመርጥ ሰውም አውቃለሁ። ዋይፋዩን «ሚተርድ» ብሎ መሰየም ሆም ላይም አለ፣ አፕዴቱን ረገብ ያደርጋል።

አንድ ነገር ላይ ግን ፕሮ ይሻላል፤ ከተጫነ በኋላ የማይክሮሶፍት አካውንት ክፈቱ ብሎ ሲያስጨንቅ። ሆም በሩን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። ፕሮ ላይ «ለሥራ ወይም ለትምህርት ቤት» የሚለውን መርጣችሁ፣ በመግቢያ አማራጮቹ ውስጥ «ዶሜይን ጆይን ኢንስቴድ» ስትሉ ተራ ስምና ፓስወርድ ይቀበላችኋል። ሩፈስም ፍላሹን ስታዘጋጅ አካውንቱን ላስቀርላችሁ ወይ ብላ ትጠይቃለች። ምን አለ እትሙንም እንዲህ አብራርቶ የሚጠይቅ ቢኖር!

ነጥብ ስጥ ብባል ለፋይሉ ከ10 ዘጠኝ እሰጣለሁ። ነጻ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ማሽኑ የራሱ ፈቃድ ካለው ራሱ ያገኘዋል። ለምርጫው ገጽ ሦስት። ሦስቱም የፊደሉ መጠን ስለሚነበብ ነው። አሁን የማንንም ኮምፒውተር ፎርማት ከማድረጌ በፊት የአክቲቬሽኑን ገጽ ከፍቼ በስልኬ ፎቶ አነሣለሁ፤ እትሙ ከነሙሉ ስሙ እዚያ ተጽፏል።

የእህቴ ጉዳይ ግን አላለቀም ነበር። በሳምንቱ ደወለች። ድሮ ዊንዶውስ 7 ላይ ያዘጋጀችው ፈተና መልኩ ተለውጧል፤ ፊደሉ ወፍሯል፣ ጥያቄ 14 ተገፍታ ለብቻዋ ሦስተኛ ገጽ ላይ ወድቃለች። ፈተናው የተጻፈው በኒያላ ነው። ኒያላ ከቪስታ ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር ተጭኖ ይመጣ የነበረ የአማርኛ ፎንት ነው። አሁን በየትኛውም እትም ከአይኤስኦው ጋር ተጭኖ አይመጣም፤ ዊንዶውስ በእሱ ፋንታ ኢብሪማን ይተካል። አማርኛን ከቋንቋዎቹ ዝርዝር ስትጨምሩ፣ ወይም ያው ኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» የሚለውን ስትመርጡ ይወርዳል። በስልክ እየመራኋት አወረደችው። ማይክሮሶፍት ወርድን ዘግታ ከፈተችው።

«እህ?» አልኳት።

«ተመለሰች። ሁለተኛው ገጽ ላይ ናት።»